ማዕዱ ያላወቀው ቀዶ ሕክምና

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በነርስነቴ ነው። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዚሁ አዳራሽ፣ የደም ግፊታችሁን ለክቻለሁ፤ ጣታችሁን ወግቼ ስኳራችሁን አንብቤያለሁ። ዛሬ ግን የቆምኩት ሆዷ ላይ አምስት ትንንሽ ጠባሳ ያላት ሴት ሆኜ ነው።

ከ4 ዓመት በፊት ክብደት የሚያስቀንሰው ቀዶ ሕክምና፣ ባይፓስ የሚባለው፣ ተሠርቶልኛል። ያን ጊዜ ዕድሜዬ 47፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 108 ኪሎ ነበር። ለእናቴ፣ ለእህቴና ለማኅበርተኞቼ ግን «ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ላስወጣው ነው» አልኳቸው። ከቤተሰቤ እውነቱን የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለማንም እንዳይናገር አስምዬው ነበር።

ቀዶ ሕክምናው የፈጀው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ያቺ ውሸት ግን ስምንት ወር ሙሉ ስታደማኝ ከረመች። ዛሬ ስለ ውሳኔውም ስለ ማገገሙም እነግራችኋለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ይህን ነገር አብሮን ከሚበላ ሰው መደበቅ ምን እንደሚያስከፍል ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ከውሳኔው ልጀምር። ሰው «ለምን አፏን አትዘጋም?» ይላል። ፊት ለፊት ባይለኝም ዞር ስል ይላል። እኔም ለራሴ 20 ዓመት እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። ሁዳዴን አጥብቄ እጾም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም። 55 ቀኑ ሲያልቅ 5 ወይም 6 ኪሎ ቀንሼ እገኛለሁ። ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ግን የቀነስኩት ሁሉ ሌላ አንድ ሁለት ኪሎ አስከትሎ ይመለሳል። የፈቃድ ማነስ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ።

በሙያዬ የማውቀውን በራሴ ላይ ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሰውነት ስቡ ሲጎድልበት ጠኔ የመጣ ይመስለዋል። የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል፤ ጨጓራ ግሬሊን የተባለውን ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን አብዝቶ ይረጫል፤ ሐሳብ ሁሉ ምግብ ምግብ ይላል። ይህን ሆርሞን የጃፓን ተመራማሪዎች ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የሩቅ ጊዜ ዕውቀት አይደለም። አንዲት ሴት በፈቃዷ ብርታት ብቻ ይህን ሁሉ ዕድሜ ልኳን ታሸንፈው ማለት፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ ኑሪ ከማለት አይለይም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ውፍረትን እንደ ሕመም እያየን አላደግንም። «ተመችቶሻል» ማለት ምርቃት ነበር፤ ልጅ ደልደል ካላለ እናቱ ትታማለች። መክሳትማ የበሽታ ምልክት ነው። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የከሳ ሰው ሲያልፍ ሰዉ በሹክሹክታ ምን ይል እንደነበር ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። እኔ የዋሸሁት ከዚያ ፍርሃት ተነሥቼ ነው። ብወፍር «ሆዳም» እባላለሁ፤ በቢላ ብቀንስ «ሰነፍ» እባላለሁ፤ ዝም ብዬ ብከሳ ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ።

ለማን ነው ይህ ሕክምና የሚገባው? ቤታችሁ ስትሄዱ አስሉት። ክብደታችሁን በኪሎ ያዙና ለቁመታችሁ በሜትር አካፍሉት፤ የወጣውን እንደገና ለዚያው ቁመት አካፍሉት። የእኔን 108 ለ1.6፣ እንደገና ለ1.6 ብታካፍሉት 42 ይመጣል። ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የአሜሪካ መመሪያ 40ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ወይም 35 ሆኖ ስኳርን የመሰለ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የሙያው ማኅበራት ዝቅ አድርገውታል፤ 35 የደረሰ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ሕክምናው ይመከርለታል፤ ከ30 እስከ 35 ያለ ስኳር በሽተኛም ሊታሰብለት ይገባል ብለዋል። ኢንሹራንሶች ግን ሁሉም በዚህ አይሄዱም፤ የራሳችሁን ደውላችሁ ጠይቁ።

ነገሩ አዲስ ፋሽን የሚመስለው አለ፤ አይደለም። ባይፓስን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1966 የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው። ለጨጓራ ቁስለት ብለው የጨጓራቸውን አብዛኛውን ክፍል ያወጡላቸው ሕሙማን ከዚያ በኋላ እንደማይወፍሩ አስተዋሉ፤ ሐሳቡ ከዚያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ዋልተር ፖሪስ የተባሉ የሰሜን ካሮላይና ቀዶ ሐኪም ባይፓስ ከሠሩላቸው 146 ስኳር በሽተኞች የ121ዱ ስኳር ወደ ጤነኛው ልክ መመለሱን ጻፉ። ይህን ወረቀት በሌሊት ፈረቃ፣ ነርሶች ጠረጴዛ ላይ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስኳር ከያዘኝ 9 ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ሐኪሜ ኢንሱሊን ልጀምርሽ ብሎኛል። አባቴ በስኳር ምክንያት እግሩ ተቆርጦ ነው ያረፈው። የወሰንኩት ያን ሌሊት ነው፤ ቀሚስ እንዲያምርብኝ ብዬ አልነበረም።

አደጋውን አልሸሽጋችሁም። ሆድ በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እየታየ ነው የሚሠራው። ልምድ ባለበት ቦታ በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሚሞተው ከ1,000 ሰው አንድ ያህል ነው፤ የሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ብዙም የሚርቅ አይደለም። የተሰፋው ቦታ ማፍሰስ፣ እግር ላይ ደም መርጋት፣ መድማት ግን አለ። ልብ ያለ ምክንያት ቢሮጥ፣ ትኩሳት ቢመጣ፣ ግራ ትከሻ ላይ የሚወጋ ሕመም ቢሰማ፣ የሆድ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ቢብስ፣ ነገ ይነጋል ተብሎ አይታደርም። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ዋናዎቹ የሕክምናው ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ሌሎችም ቢኖሩ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ከእነዚህ ነው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራ አራት እጅ ከአምስቱ ያህል ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ይሆናል። በባይፓስ ግን ከጨጓራ አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ከረጢት ተለይታ ትንሹ አንጀት ይቀጠልባታል፤ የተቀረው ጨጓራ እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ምግብ ግን አያልፍበትም። 30 ሚሊ ሊትር ማለት የቡና ሲኒ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ስሊቭ አሠራሩ ቀለል ይላል፤ ቃር ያለበትን ሰው ግን ሊያብስበት ይችላል። እኔን ቃር ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፌ ያባንነኝ ስለነበር፣ ስኳሬም ስለቆየ፣ ባይፓሱ ይሻልሻል ተባልኩ። «እከሊት ስሊቭ አሠርታ እንዲህ ሆነች» ብላችሁ አትምረጡ፤ የእሷ ጨጓራ ያንቺ አይደለም።

ዝግጅቱ ስድስት ወር ፈጀ። ጨጓራዬ ሲታይ ኤች ፓይሎሪ ተገኘ። ይህ ባክቴሪያ በብዙዎቻችን ጨጓራ ውስጥ ከአገር ቤት አብሮን የመጣ ነው፤ አስቀድሞ መታከም አለበት። ከቀጠሮው በፊት ሁለት ሳምንት ዳቦ፣ እንጀራ፣ ስኳር ተከለከልኩ። ጨጓራ ላይ የሚያርፈው ጉበት በስብ ስለሚያብጥ፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሰለል ካላለ ቀዶ ሐኪሙ ሥር መግባት ይቸግረዋል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋ ስገባ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» አለች። «ከባለቤቴ ጋር» አልኩ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እህቴ ቤት አሥራ አንድ ሰው አንድ መሶብ ከብበን እንደምንበላ አልነገርኳትም። ጽፋ አለፈች። ያን ቀን እውነቱን ብነግራት ኖሮ ብዙ ነገር እንዴት እንደማደርገው ታስተምረኝ ነበር።

ሆስፒታሉን ባጭሩ ልለፈው። ስንቱን ሕመምተኛ «ተነሥ፣ ተራመድ» ስል የኖርኩ ሴት፣ በተሠራልኝ ምሽት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ ኮሪደሩን አስዞረችኝ፤ ደም እንዳይረጋ ነው። በሁለተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። የተሰጠኝ መጠጫ መድኃኒት የሚሰፈርባት የፕላስቲክ ስኒ ናት፤ 30 ሚሊ ሊትር። ያቺን በሩብ ሰዓት ውስጥ ትንሽ በትንሽ እየቀመስኩ መጨረስ ነው፤ ከዚያ እንደገና መሙላት። በቀን ሊትር ተኩል ውኃ በዚህ አኳኋን መጠጣት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ቤት ስደርስ የፕላስቲኳን ጥዬ ከረከቦቴ ላይ አንዷን ሲኒ አነሣሁ። ለሁለት ወር የበላሁትም የጠጣሁትም በእሷው ነው፤ የተጣራ የሥጋ መረቅ፣ ከዚያ እርጎ፣ ከዚያ በውኃ የቀጠነ ሽሮ፣ ከዚያ ተፈጭቶ የላመ ምስር፣ ከዚያ ለስለስ ያለ እንቁላልና ዓሣ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ነው ወደ መደበኛው ምግብ የተመለስኩት።

እንግዲህ ውሸቷ ሥራዋን የጀመረችው በአራተኛው ቀን ነው። እህቴ አጥሚት ይዛ መጣች። የእህቴን አጥሚት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ማሩ፣ ቅቤው፣ አጃው። «ሐሞት ብቻ ነው፤ ይህ ያበረታሻል» ብላ ከአጠገቤ ተቀመጠች። የሐሞት ከረጢት የወጣለት ሰው አጥሚት አልጠጣም የሚልበት ምን ምክንያት አለው? ሦስት ጊዜ ተጎነጨሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ ይደልቅ ጀመር፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ቤቱ ዞረብኝ፤ አንጀቴ ተላወሰ። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ጣፋጭ ሲወስድ ስኳሩ ከዚያች ትንሽ ከረጢት በቀጥታ አንጀት ውስጥ ይወርዳል፤ አንጀት ውኃ ይስባል፤ ሰውነት ይደናገጣል። እኔ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እህቴ ግን የሰው ዓይን ነው ብላ ስታለቅስ አደረች፤ በማግስቱ ጠበል ይዛ መጣች። እውነቱን አውጥቼ በአንዲት ቃል ላሳርፋት ስችል ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሰባተኛው ሳምንት ክርስትና ተጠራሁ። ከቤት ሁለት ማንኪያ ሽሮ በልቼ ነበር የሄድኩት። ማዕዱ ሲቀርብ አንድ የምንወዳቸው እናት፣ እንደ እናቴ የማያቸው፣ ክትፎውን በእንጀራ ጠቅልለው «ከሕመም የተነሣሽ ልጅ ነሽ፤ በሞቴ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «በሞቴ» ያለን ሰው እንዴት እንቢ ይባላል? ጎረስኩ። በደንብ ሳላኝክ፣ ሰው እያየኝ፣ ዋጥኩት። ደረቴ መካከል ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ምራቅ አፌን ይሞላል፤ እሱም አይወርድም። ሳቅ ለመሳቅ እየሞከርኩ ተነሣሁና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የመኪናዋን መሪ በሁለት እጄ ይዤ፣ አርባ ደቂቃ ያህል፣ የተቀረቀረው እስኪወጣ ድረስ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከአዳራሹ የእልልታ ድምፅ ይሰማኛል። እኒያ እናት በፍቅር ነው ያጎረሱኝ፤ ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። «እማማ፣ ጨጓራዬ ተሠርቷል፤ የሚበቃኝ የጥፍርዎን ያህል ነው» ብላቸው ኖሮ የጥፍራቸውን ያህል ያጎርሱኝ ነበር።

በአራተኛው ወር ፀጉሬ ይረግፍ ጀመር። ይህ ብዙውን ሰው ያስደነግጣል፤ ሰውነት በፍጥነት ሲቀንስ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ የሚመጣ ነው፤ ፕሮቲኑና ብረቱ ከተሟላ ይመለሳል። ሹሩባዬን ስፈታ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን እያየሁ ግን ዕውቀቴ አላጽናናኝም። እናቴ ከደሴ በስልክ ቪዲዮ ታየኛለች፤ «ልጄ፣ ፊትሽ አለቀ፤ ምንድነው የምትደብቂኝ?» ትለኛለች። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ። በወጣትነቴ ሰፈራችን ውስጥ ከስተው ከስተው የሞቱትን ጎረቤቶቻችንን ያጠበችና የገነዘች እናት ናት። ማታ ማታ ምን እያሰበች እንደምትተኛ ልቤ ያውቀው ነበር።

ስምንተኛው ወር ላይ፣ አንድ እሁድ ሌሊት፣ ቀኝ ጎኔን ወግቶ ያዘኝ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው። እህቴ መጥታ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ሰው በፍጥነት ክብደት ሲቀንስ ሐሞት ውስጥ ጠጠር ይሠራል፤ የተለመደ ነገር ነው፤ ለመከላከል ስድስት ወር የሚወሰድ ክኒንም አለ። እኔ ግን ከሦስተኛው ወር በኋላ ትቼው ነበር። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አልትራሳውንድ አንሥተው ሐኪሙ መጣ። «ሐሞት ከረጢትሽ በጠጠር ተሞልቷል፤ መውጣት አለበት» አለኝ።

እህቴ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። «ሐሞት ከረጢቷማ ወጥቷል» አለች። «በመጋቢት ወር ወጥቷል። እኔ ነኝ ያስታመምኳት።» ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እህቴም ዞረች። ያን ዝምታ አልረሳውም። ከዚያ ሁሉን ነገርኳት። አልተቆጣችም። «አጥሚቱ ነው ያኔ እንደዚያ ያደረገሽ?» አለችና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ ወረደ። ስምንት ወር ሙሉ በእኔ ላይ የደረሰውን ሁሉ ስታስብ፣ የራሷን እጅ ነው ያየችው።

ሐኪሙ በኋላ ብቻችንን ስንሆን ያለኝን ልንገራችሁ፤ ይህ የሁላችሁንም ሕይወት ይመለከታል። «ራስሽን ስተሽ ብትመጪ ኖሮ ይህች እህትሽ የተሳሳተ ታሪክ ትነግረን ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ባይፓስ የተሠራለት ሰው እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን መውሰድ የለበትም፤ ከረጢቷ ስትቆስል ትደማለች። በአፍንጫ ቱቦ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ጨጓራው መለወጡን ካላወቀ ስፌቱን ሊበሳው ይችላል። ትውከት ከሁለት ቀን በላይ ሲቀጥልም ቫይታሚን ቢ1 ቶሎ ካልተሰጠ አንጎልና ነርቭ ሊጎዱ ይችላሉ። ይህን የሚናገርልሽ ሰው ከሌለ ማን ይናገርልሻል? እኔ ሙያዬ ሆኖ እያወቅሁት፣ በሐፍረት ምክንያት፣ ከባለቤቴ በቀር ከወገኖቼ ሁሉ ደበቅሁት።

በማግስቱ እናቴ ጋ ደወልኩ። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና እንዳደረግሁ፣ ስኳሬ እንደተስተካከለ፣ ያ የምትፈራው በሽታ እንደሌለብኝ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እህ» አለች በመጨረሻ፣ «ታዲያ አሁን የሚስማማሽ ምንድነው?» ከወር በኋላ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሦስት ኪሎ ሽሮ አደረሰኝ፤ ሽምብራው የበዛ፣ በርበሬው የቀነሰ፣ ሁለት ጊዜ የተነፋ። ስምንት ወር ሙሉ ፈርቼ የሸሸሁት ይህን ነበር።

አሁን ማዕዱን ላነሣ። እናንተ ከተሠራላት ሴት ጋር የምትበሉ ሰዎች፣ ይህን ያዙልኝ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን ትብላ፤ እንጀራ በመጨረሻ፣ ቦታ ከተረፈ። እንጀራ እርጥብ ነው፤ ከረጢቷ ውስጥ ተጣብቆ ያብጣል። በማንኪያ ብትበላ አትታዘቧት። ከምግብ ጋር ውኃ አትጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለች። አርባ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ አምስት ጉርሻ ብትበላ ጠግባለች ማለት ነው፤ «ምነው አልጣመሽም?» አትበሏት። ጉርሻ ማጉረስ ከወደዳችሁ፣ እኔም እወዳለሁና፣ ጠይቋትና የጣት ጫፍ የምታህል አጉርሷት።

ቡናችንንም መንካቴ አይቀርም። የብረት ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ብረቱን ሰውነት እንዳይቀበለው ያደርጉታል። ካልሲየምና ብረትም ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ብረት ዕድሜ ልክ ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም የለም፤ የቢ12 ጉድለት ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ እግር ሲደነዝዝ ነው የሚታወቀው። በየዓመቱ ደም አስመርምሩ።

ጾምን በተመለከተ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን ዓመት አልጾምኩም፤ እሳቸውም ፈቅደውልኛል። አሁን በጾም ቀን የሽምብራና የምስር ነገር እያበዛሁ፣ የአተር ፕሮቲን ዱቄት እየጨመርኩ፣ ሰዓቱን ሳላስረዝም እጾማለሁ። ሙስሊም እህቶቼም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል በቅርቡ ለተሠራላት ሴት አደገኛ መሆኑን ዕወቁልኝ፤ ሐኪምንም ሼኽንም አስቀድማችሁ አማክሩ።

ወጣት ሴቶች ደግሞ ስሙኝ። ክብደት ሲቀንስ ማርገዝ ይቀላል፤ ለዓመታት አልያዘኝም ያለች ሴት በወራት ውስጥ ልታረግዝ ትችላለች። ከ12 እስከ 18 ወር እስኪያልፍ ግን መጠበቅ ነው። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ክኒን በሚገባ ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዘዴ ጠይቁ። ስለ መጠጥም፦ አንድ ብርሌ ጠጅ ከባይፓስ በኋላ የሁለትና የሦስት ያህል ቶሎ አናት ላይ ይወጣል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በመጠጥ የሚጠመዱ አሉ፤ ምግብ ያጽናናው የነበረ ሰው ሌላ ማጽናኛ ይፈልጋልና።

ከአውሮፓም ከዓረብ አገርም ወደ ኢስታንቡል ሄደው በርካሽ የሚያሠሩ ወገኖች ይደውሉልኛል። አልኮንንም፤ እዚያም ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በአሥረኛው ቀን ትኩሳት ቢይዝሽ የምትሄጂበት ሐኪም ማን ነው? በሁለተኛው ዓመት ደምሽን የሚያየውስ? መልስ ከሌለሽ ቲኬቱን አትቁረጪ።

ክብደት የሚያስቀንሱት መርፌዎችስ ትሉኛላችሁ፤ ዌጎቪና ዜፕባውንድ። መልካም መድኃኒቶች ናቸው፤ ቀዶ ሕክምና ለማይመቸው ወይም ለማይፈልግ ሰው በር ከፍተዋል። ዌጎቪን የወሰዱ ሰዎች ሲያቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸው በጥናት ታይቷል። ስለዚህ መርፌውም የዓመታት ውል መሆኑን አውቃችሁ ጀምሩ። በእኔ ፍርድ ስኳር ይዞት ቢኤምአዩ ከ40 ላለፈ ሰው ቀዶ ሕክምናው አሁንም የመጀመሪያ ውይይት መሆን ይገባዋል።

ውጤቱን ሳላጋንን ልንገራችሁ። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 በተጀመረ ጥናት የተሠራላቸውና ያልተሠራላቸው፣ በእያንዳንዱ ወገን 2,000 ያህል ሰዎች፣ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸው፣ የተሠራላቸው ሰዎች የሞት መጠን በሩብ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ስኳር ከነበረባቸው መካከል በሁለተኛው ዓመት 72 ከመቶው ከስኳር ነጻ ነበሩ፤ በአሥረኛው ዓመት ግን 36 ከመቶ። ሁለቱንም ቁጥር ያዙ። እኔ በዓመቱ 74 ኪሎ ገባሁ፤ ዛሬ 79 ነኝ። ኢንሱሊን አልጀመርኩም፤ ሦስቱንም መድኃኒት ትቼ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ አንዲት የሜትፎርሚን ክኒን ተመልሳለች። ሌሊት ቃር አያባንነኝም። ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ አላርፍም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቀጠሮ ይዛ ለማንም ያልተናገረች እህት እንዳለች አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ አለች። ወንድምም ሊሆን ይችላል። ለአዳራሹ ሁሉ ተናገሪ አልልሽም። ከሆስፒታል የሚወስድሽ አንድ ሰው፣ አብሮሽ የሚበላ አንድ ሰው፣ ራስሽን ብትስቺ የሚናገርልሽ አንድ ሰው ይወቅ። እንደዚያ ያለ ሰው ከሌለሽ እኔ አለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሥራ አልገባም፤ ሐኪሙ ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የሚልሽን በአማርኛ እጽፍልሻለሁ። ከዝግጅቱ በኋላ ቡናው ጋ ነው የምቀመጠው፤ ነይና ከጎኔ ቁጭ በይ።